የደጋ ኦርኪድ ከዘር፦ በማእድ ቤት ዕቃ ከፍሬ እስከ አበባ

የመጀመሪያዋን የኦርኪድ ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ ሰንጥቄ ሳራግፍ ቢጫማ ብናኝ ወረደ። ዘር ይሁን አቧራ መለየት አልቻልኩም። ጠጋ ብዬ ላየው ስል ትንፋሼ ግማሹን በተነው። ከቀረው አጠገብ አንዲት የጤፍ ፍሬ አስቀመጥኩ። ጤፏ ድንጋይ መሰለች።

ከዚያ ብናኝ የወጡ ተክሎች ዛሬ አዲስ አበባ፣ በረንዳዬ ላይ ናቸው። ቅጠላቸው ከክንዴ ይረዝማል። የመጀመሪያውን አበባ ለማየት አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ላቦራቶሪ የለኝም። ፕሬዠር ኩከር፣ የማርማላታ ጠርሙሶችና አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ናቸው ያሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በነዚህ ዕቃዎች እንዴት እንደሚሠራ ነው።

የትኛውን ኦርኪድ?

ኦርኪድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሙቀትና የታፈነ የመስታወት ቤት ነው። አበባ ቤቶች በብዛት የሚሸጡት ፋሌኖፕሲስም ይህን ሐሳብ ያጠናክራል። እሱ የቆላ ልጅ ነው። ሌሊቱ ከ16 ዲግሪ በታች መውረድ ሲያዘወትር እድገቱ ይቆማል።

ብርድ የሚወዱ ግን ብዙ ናቸው። ሲምቢዲየም የሂማላያ ግርጌ ተክል ነው፤ የኔፓል፣ የሰሜን ህንድና የደቡብ ምዕራብ ቻይና ተራሮች። ማስዴቫሊያ በኮሎምቢያ፣ በኢኳዶርና በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ጉም ውስጥ ያድጋል። ዲሳ የደቡብ አፍሪካ ምንጭ ዳር ነው ቤቱ። ሁሉም ቀን ለስላሳ ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ይፈልጋሉ። ሞቃት አገር ያለ ሰው ማስዴቫሊያን ለማኖር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ይገዛል። ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖር ሰዎች መስኮት መክፈት ይበቃል።

የራሳችንም አሉ። በኢትዮጵያ ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ አንዱ ነው። ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ አለው፤ ሲመሽ ይሸታል። ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ደኑ ሲመነጠር አብሮ ይወድቃል። አንዳንዴ ደግሞ ያማረው ሰው ነቅሎ ቤቱ ይወስደውና ይሞትበታል። እባካችሁ ከዛፍ አትንቀሉ። ከዘር ማብቀልን አጥብቄ የምወደው በዋናነት ለዚህ ነው። አንዲት ፍሬ ለሰፈር ሁሉ የሚበቃ ተክል ታወጣለች፤ እናቲቱም ቦታዋ ላይ ትቀራለች። መላው የኦርኪድ ቤተሰብ ሳይትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስር ስለሆነ ተክሉን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገርም ክልክል ነው።

ልምምዱን በሲምቢዲየም ጀምሩ። አበባው ትልቅ ስለሆነ ማዳቀሉ ለእጅ ይመቻል። ዘሩ ብዙ ነው፤ ጥፋትንም ይችላል። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ልኩ ነው።

ስንቅ የሌለው ዘር

ባቄላ ስትዘሩ ባቄላው ስንቁን ይዞ ነው የሚሄደው። ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል ያንን ይበላል። የኦርኪድ ዘር ስንቅ የለውም። ስስ ሽፋንና በውስጡ ያሉ ጥቂት ሴሎች፣ በቃ። በዱር ውስጥ ለመብቀል አንድ ዓይነት ፈንገስ ሊያገኘው ይገባል። ፈንገሱ ወደ ዘሩ ይገባል፤ ዘሩም ከፈንገሱ ምግብ ይወስዳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1899 የደረሰበት ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ነበር። ከዚያም አሜሪካዊው ሉዊስ ኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ፈንገሱን ትቶ ስኳርና ማዕድን ባለው አጋር (ከባሕር አረም የሚገኝ፣ ፈሳሽን እንደ ጄሊ የሚያረጋ ዱቄት) ላይ ዘሩን ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። እኛ የምንሠራው የሱን ሥራ ነው። ስንቁን በጠርሙስ እናቀርብለታለን።

ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስኳር ያለበት እርጥብ ነገር ሻጋታም ይወደዋል። ሻጋታ በጥቂት ቀናት ጠርሙሱን ይሞላል፤ ኦርኪዱ ገና ለማበጥ አንድ ወር ይፈልጋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምታነቡት አብዛኛው ነገር ስለ ንጽህና ነው። እዚያ ላይ ካልቸኮላችሁ ሌላው ይቀላል።

ማዳቀልና ፍሬውን መጠበቅ

ጤነኛ ተክል ምረጡ። አበባው ከተከፈተ አንድ ሳምንት ያለፈው ይሁን። መሀሉ ላይ ወደ ፊት ጎበጥ ያለ አምድ ታያላችሁ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቆብ አለ። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ከስር ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ቆቡ ይነሳል፤ ሁለት ቢጫ እንክብሎች እንጨቱ ላይ ይጣበቃሉ። የአበባው ብናኝ ማለት እነሱ ናቸው፤ በኦርኪድ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። አሁን ወደ ሌላ ተክል አበባ ሂዱ። ከአምዱ ስር፣ ከቆቡ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚያጣብቅ ጎድጓዳ ቦታ አለ። እንክብሎቹን እዚያ አስቀምጡ።

አንድን ተክል ከራሱ ጋር ማዳቀልም ይቻላል። ግን ከሁለት የተለያዩ ተክሎች የመጣ ዘር ብዙ ጊዜ ይጠነክራል።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የአበባው ከንፈር ቀይ ቀለም ይለብሳል። ከዚያ አበባው ይጠወልጋል፤ ከኋላው ያለው አንገት ግን ማበጥ ይጀምራል። ያኔ ቀኑን፣ የእናቱንና የአባቱን ስም ጽፋችሁ እሰሩበት። አስታውሰዋለሁ አትበሉ። ከስምንት ወር በኋላ አታስታውሱትም። ፍሬ ተክሉን ስለሚያደክመው በአንድ ተክል ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አታስቀሩ።

የሲምቢዲየም ፍሬ ደርቆ እስኪሰነጠቅ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። እኔ የምመክረው ግን ሳይሰነጠቅ፣ አረንጓዴ እንደሆነ፣ በስምንተኛው ወር ገደማ መቁረጥ ነው። ያልተከፈተ ፍሬ ውስጡ ከጀርም ንጹህ ነው። ውጭውን ብቻ ማጽዳት ይበቃል። ከተሰነጠቀ ግን እያንዳንዷ ዘር አየር ነክቷታልና ዘሩን ራሱን በበረኪና ማጠብ ሊኖርባችሁ ነው። ከስምንተኛው ወር በላይ ካቆያችሁት ፍሬውን በስስ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ድንገት ቢሰነጠቅ ዘሩ አይበተንም።

የደረቀ ዘር ካገኛችሁ በወረቀት ጠቅልሉትና በምድጃ ከደረቀ ሩዝ ጋር ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። እርጥበት ነው ጠላቱ።

ስንቁን ማዘጋጀት

ለአንድ ሊትር የምጠቀመው ይህ ነው፦

ንጹህ የዝናብ ወይም ዲስቲልድ ውሃ 1 ሊትር
የኤምኤስ ማዕድን ዱቄት 2.2 ግራም
ስኳር 20 ግራም
አጋር ዱቄት 7 ግራም

ኤምኤስ ለተክል ቲሹ ካልቸር (ተክልን በጠርሙስ ውስጥ ለማራባት) የሚሸጥ የማዕድን ድብልቅ ነው። በአብዛኛው ለአንድ ሊትር 4.4 ግራም ይላል፤ ለኦርኪድ ግማሹ ይሻላል፤ ጨው ሲበዛበት አይወድም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ማሸጊያው ሳይከፈት፣ ስሙ እንደተጻፈበት ያምጣላችሁ። ትንሽ ፓኬት ለዓመታት ይበቃል። ካላገኛችሁ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ፣ 20-20-20 የሚል ማዳበሪያ 1 ግራም ለሊትር ይሠራል። ውጤቱ ትንሽ ዝግ ይላል እንጂ ሲምቢዲየም ይበቅልበታል።

ሚዛን ያስፈልጋል። ወርቅ ቤት ያለው ዓይነት ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። በማንኪያ ግምት አትሥሩ። አጋሩ ሲያንስ ዘሩ ይሰምጣል፤ ሲበዛ ጄሊው ይጠጥርና ችግኙ ውሃ መሳብ ያቅተዋል።

ማዕድኑንና ስኳሩን በውሃው አሟሙ። ከዚያ ፒኤች (የኮምጣጣነቱን ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ይኮመጥጣል) ለኩ። ከ5.5 እስከ 5.7 መሆን አለበት። ከፍ ካለ ኮምጣጤ ጠብታ በጠብታ ጨምሩ፤ ዝቅ ካለ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ። ይህን እርምጃ የሚዘሉ ሰዎች አሉ። እኔም ዘልዬ አውቃለሁ፤ ፒኤቹ ከ5 በታች ወርዶ ኖሮ አጋሩ አልረጋልኝም፤ ሙሉ ሊትር ደፋሁ።

በመጨረሻ አጋሩን ጨምራችሁ እያማሰላችሁ አፍሉት። እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን በየጠርሙሱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቅዱ። የማርማላታ ወይም የማር ጠርሙስ፣ የብረት ክዳን ያለው፣ ጥሩ ነው። ክዳኑን በምስማር ብሱትና ቀዳዳው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቁ። አየር በጥጡ ይገባል፤ ሻጋታ ግን አያልፍም። ክዳኑን በላዩ ላይ በፎይል ሸፍኑት።

ፕሬዠር ኩከርና የእኛ ከፍታ

መጽሐፍ ላይም ኢንተርኔት ላይም የምታገኙት ቁጥር 121 ዲግሪ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይላል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስጋና ባቄላ ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ እኛ ጋ ረጅም ጊዜ እሳት ላይ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ላይ የራሱን ግፊት በመጨመር ነው። እዚህ የውጭው ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ 121 የሚደርሰው ኩከር እዚህ 117 አካባቢ ይቆማል። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ጠንካራ የባክቴሪያ ስፖሮችን (ሙቀትን ችለው የሚተኙትን) ለመግደል ግን ልዩነቷ ትልቅ ነው።

መፍትሔው ጊዜ መጨመር ነው። ኩከሩ ውስጥ ሦስት ጣት ውሃ ጨምሩ፤ ጠርሙሶቹን ከስር ሽቦ ወይም ጨርቅ አድርጋችሁ ደርድሩ። ክብደቱን ሳትጭኑ እንፋሎቱ ለአምስት ደቂቃ በደንብ ይውጣ፤ ውስጥ የቀረ አየር ሙቀቱን ያሳንሰዋል። ከዚያ ክብደቱን ጫኑ። መጮህ ከጀመረበት 40 ደቂቃ ቁጠሩ። ውሃው እንዳያልቅ ተጠንቀቁ። ከጠርሙሶቹ ጋር አብራችሁ የምታስገቡት አለ፦ በፎይል የተጠቀለለ ወረንጦ፣ ምላጭ የገባበት መያዣ፣ የተጣጠፈ የወጥ ቤት ወረቀት፣ እና አንድ ሁለት ጠርሙስ ባዶ ውሃ።

ሲያበቃ እሳቱን አጥፉና ሂዱ። እንፋሎቱን አታስተንፍሱ። ክዳኑን አትክፈቱ። እስከ ጠዋት ይደር። የመጀመሪያ ጊዜ 12 ጠርሙስ አዘጋጅቼ 9ኙ ሻገቱብኝ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ቆየሁ። ለካ ትኩሱን ስከፍተው ጠርሙሶቹ ሲቀዘቅዙ የክፍሉን አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ ነበር።

ከዚያ ጠርሙሶቹን ባዶአቸውን አንድ ሳምንት አቆዩ። የሚሻግት ካለ አሁን ይሻግት። ፍሬ ለማሳደግ ስምንት ወር ጠብቃችሁ በአንድ ሳምንት አትቸኩሉ።

የመዝሪያው ምሽት

ትልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ውሰዱ። በአንድ ጎኑ እጃችሁ የሚገባባቸው ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ቁረጡ። ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት መሥሪያ ቤታችሁ እሱ ነው። ጥቅሙ አየሩ አለመንቀሳቀሱ ነው። አየር ካልተንቀሳቀሰ የሻጋታው ስፖር (ዘር መሰሉ ብናኝ) ወደ ታች ይረግፋል፤ ጠርሙስ ውስጥ አይገባም።

ቀኑን ምረጡ። ቤት ውስጥ ሊጥ የተቦካ ወይም እንጀራ የሚጋገር ቀን አይሁን። እርሾው አየር ላይ ነው፤ ስኳር ያለበት ጠርሙስ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የተጠረገ ቀንም አይሁን። እኔ የምመርጠው ዝናብ የዘነበበትን ምሽት ነው፤ አቧራው ይተኛል። መስኮት ዝጉ። ፀጉራችሁን እሰሩ። እጃችሁን እስከ ክርን ታጠቡና ጓንት አድርጉ።

ሳጥኑን ውስጡን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት። ያላችሁ 96 በመቶ ከሆነ 73 ሚሊ ሊትሩን ወስዳችሁ በውሃ 100 አድርሱት። 70ው ከ96ቱ ይልቅ ጀርም ይገድላል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ስለሚያግዘውና ቶሎ ስለማይተን። አልኮል በተጠረገ ሳጥን አጠገብ ሻማም፣ ኩራዝም፣ ቡታጋዝም አይለኮስ። ብዙ መመሪያዎች መሣሪያን በእሳት ለብልቡ ይላሉ። በዝግ ሳጥን ውስጥ ይህ አደጋ ነው። መሣሪያው ከኩከር የወጣ ስለሆነ እሳት አያስፈልገውም። በረኪናንም ከአልኮልም ከኮምጣጤም ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ነገር ይወጣዋል።

አረንጓዴው ፍሬ እንዲህ ይዘራል። ጫፉ ላይ የቀረውን የደረቀ አበባ ቁረጡ። በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ስንጥቆቹን ሁሉ እሹት። አልኮል ውስጥ አንድ ደቂቃ ንከሩት፤ አውጥታችሁ በውሃ አለቅልቁት። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ 20 ደቂቃ ይቆይ። ጠርሙሱን ውጭውን ጠርጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡትና እዚያ ክፈቱት። ፍሬውን በወረንጦ አውጥታችሁ ንጹሁ ወረቀት ላይ አኑሩት፤ ውሃው ይንጠፍጠፍ። በምላጭ ሁለቱን ጫፎች ቁረጡ። ከዚያ በቁመቱ ሰንጥቁት። ውስጡ ክሬም የመሰለ፣ ትንሽ የሚጣበቅ ዘር ታያላችሁ።

በወረንጦ ጫፍ ቆንጠር አድርጋችሁ ጄሊው ላይ አሳርፉ። ጥቂት። ሁልጊዜ የሚበዛው ስህተት ብዙ መዝራት ነው። ከኩከር የወጣውን ውሃ ጥቂት ጠብታ ጨምራችሁ ጠርሙሱን ዘወር ዘወር ብታደርጉት ዘሩ ይሰራጫል። ክዳኑን ከጠርሙሱ በላይ ብዙ አታርቁት፤ አዘንብላችሁ ያዙት። ዘግታችሁ አፉን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሉ። ቀንና ስም ጻፉ።

ዘሩ ደረቅ ከሆነ ሲሪንጅ ይረዳችኋል። መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሰዱ። መግፊያውን አውጥታችሁ በቀዳዳው በኩል ትንሽ ጥጥ ጠቅጥቁ፤ የክብሪት ራስ የሚያህል ዘር ጨምሩና መግፊያውን መልሱ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ከሳሙና ጠብታ ጋር፣ ሳቡበት። 10 ደቂቃ እየነቀነቃችሁ አቆዩት። ፈሳሹን ግፉት፤ ጥጡ ዘሩን ያስቀረዋል። እጃችሁ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ በንጹህ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። በመጨረሻ ውሃ ሳቡና መግፊያውን በጥንቃቄ አውጥታችሁ ዘሩን ከውሃው ጋር በኋላው በኩል ጠርሙሶቹ ላይ አንጠባጥቡ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ዘሩን በማጉያ መነጽር እዩት። መሀሉ ላይ ሞላ ያለ ነጥብ ካለው ሕይወት አለው። ሁሉም ባዶ ገለባ ከሆነ አትድከሙ።

መጠበቅ

ከ18 እስከ 22 ዲግሪ። የአዲስ አበባ ሳሎን ማለት ነው። ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይነካው መደርደሪያ ላይ አኑሯቸው። ፀሐይ ያገኘው ዝግ ጠርሙስ በግማሽ ሰዓት ምድጃ ይሆናል። ኤልኢዲ መብራት ካላችሁ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት አብሩ። መብራት ቢጠፋ አትጨነቁ፤ አንድ ሁለት ቀን አይጎዳቸውም።

የመጀመሪያዎቹ አስር ቀናት በየቀኑ እዩ። ነጭ ጥጥ የመሰለ ከታየ ሻጋታ ነው። ወተት የመሰለ ወይም ሮዝ አተላ ከታየ ባክቴሪያ ነው። እንደተዘጋ ከሌሎቹ አርቁት፤ ሳትከፍቱ ኩከር ውስጥ ቀቅላችሁ ጣሉት። ላድነው ብላችሁ ክፍሉ ውስጥ አትክፈቱት። የአንዱ ስፖር ለሁሉም ይተርፋል።

ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ዘሩ ያብጣል። ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል። ቅጠልም ሥርም የሌላት፣ ክብ፣ አረንጓዴ ነጥብ። ፕሮቶኮርም ትባላለች። ያቺን ነጥብ ያየሁ ቀን ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። ዙሪያዋ ላይ ስስ ፀጉር ታበቅላለች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር አናቷ ላይ የመጀመሪያዋ ቅጠል ትወጣለች። ማስዴቫሊያ ከዘራችሁ ከሁሉም ቀዝቃዛውን ክፍል ስጡት፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይመቸዋል።

ቤት መቀየር

ቅጠሎቹ መነካካት ሲጀምሩ፣ ከአምስተኛው ወር ገደማ፣ ወደ ሰፋ ያለ ጠርሙስ ይዛወራሉ። አዘገጃጀቱ አንድ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጨመራል። በደንብ የበሰለ ሙዝ 60 ግራም ተፈጭቶ፣ እና አክቲቬትድ ቻርኮል (ጎጂ ነገር እንዲመጥ ተለይቶ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት) 2 ግራም። ሙዙ እድገቱን ያፈጥናል፤ ቻርኮሉ ሥሮቹ የሚያወጡትን ጎጂ ነገር ይይዛል። የቡና ማፍያ ከሰል ፈጭቶ መጨመር አይተካውም። ሙዙ ፒኤቹን ስለሚቀይረው ከሙዙ በኋላ እንደገና ለኩ።

በአንድ ጠርሙስ ከ20 እስከ 25 ችግኝ ይበቃል። ትልልቆቹን ምረጡ። ሁሉንም ለማዳን መሞከር ያጓጓል፤ ግን መቶ ደካማ ችግኝ ከማሳደግ ሃያ ጠንካራ ይሻላል። ከዚህ በኋላ ሌላ ከ8 እስከ 12 ወር ጠርሙስ ውስጥ ይቆያሉ።

ከጠርሙስ ወደ አየር

ከሻጋታው ቀጥሎ ብዙ ችግኝ የሚሞተው እዚህ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ቅጠል ደረቅ አየር አያውቅም። ቁመቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ሲሆንና ሁለት ሦስት ሥር ሲያወጣ ነው የሚወጣው።

በእኛ አየር የምመርጠው ጊዜ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው። ሌሊቱ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ይሞቃል፤ የበልግ ዝናብ ካለ አየሩ ይለሰልሳል፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም ሁለት ወር ሥር ለመስደድ ያገኛሉ። በሐምሌ አውጥቼ ጨለማው፣ ብርዱና እርጥበቱ ተባብረው ብዙ አበሰበሱብኝ።

ከማውጣታችሁ አንድ ሳምንት በፊት ክዳኑን ላላ አድርጉ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ ጄሊውን አላሉት፤ ችግኞቹን ወደ ሰፊ ሳህን ገልብጡ። ሥሩ ላይ ያለውን ጄሊ ሙሉ በሙሉ እጠቡ። የቀረ ስኳር ሻጋታ ይጠራል። እኔ የምተክለው በወንፊት በተነፋና በታጠበ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ ከተከተፈ የኮኮናት ቅርፊት ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅዬ ነው። የኮኮናቱ ቅርፊት ጨው ስላለው ሁለት ቀን ውሃ እየተቀያየረለት ይነከር። ችግኞቹን ለየብቻ አትትከሉ። አሥር አሥር እያደረጋችሁ በአንድ መትከያ ሰብስቧቸው፤ አንዱ ለሌላው እርጥበት ይጠብቃል።

ከላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ታችኛውን ቆርጣችሁ ድፉበት። ትልቁ፣ ግልጹ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ክዳኑ ይዘጋ። ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ። በአምስተኛው ሳምንት ጠርሙሱን በቀን አንድ ሁለት ሰዓት አንሱት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ በታች እንዳይሆንባቸው ቤት ውስጥ ይደሩ። ብርዱን የሚለምዱት አንድ ዓመት ሲሞላቸው ነው።

ውሃው የዝናብ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን ካጠቡ በኋላ የሚወርደውን በጀሪካን ያዙ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክፍት ባልዲ ላይ ይደር። በሳምንት አንዴ በፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህል ማዳበሪያ ስጡ። ቅጠሉ ግርጌ ላይ ቡናማና ውሃማ ነገር ካያችሁ ያንን ችግኝ ወዲያው አውጡት፤ የሌሎቹን ውሃ ቀንሱ፤ ነፋሻ ቦታ አድርጓቸው።

ጠርሙስ የማይፈልገው፦ ዲሳ

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ አንድ ሌላ መንገድ አለ። ዲሳ ዩኒፍሎራ ከኬፕታውን በላይ ባለው ቴብል ማውንቴንና በአካባቢው ተራሮች ምንጭ ዳር የሚበቅል፣ ደማቅ ቀይ አበባ ነው። ዘመዶቹ በእኛም ደጋ አሉ። ዘሩ ከሌሎች ኦርኪዶች ተለቅ ይላል፤ አጋርም ኩከርም ሳይፈልግ ይበቅላል። ትኩስ ዘር ብቻ ነው የሚሆነው፤ ከቆየ አይነሳም። ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ሽበት) በደቃቁ ከትፋችሁ በዝናብ ውሃ አርሱት። ዘሩን በላዩ ነስንሱ፤ አትቅበሩት። በፕላስቲክ ሸፍኑና ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ቦታ አኑሩ። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ አረንጓዴ ይላል። አንድ ቀን እንኳ እንዳይደርቅ። ጨውና ማዕድን የበዛበት ውሃም ይገድለዋል፤ የዝናብ ውሃ የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል። ከተሳካ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ ያብባል።

የሲምቢዲየሙ አበባ

ሲምቢዲየም ከዘር እስከ አበባ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። በየሁለት ዓመቱ መትከያው ይለወጥ፤ የጠዋት ፀሐይ ያግኝ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው የሚፈለገው። ተክሉ ሲደርስ ከጥቅምት ጀምሮ ውጭ ይደር። ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ አበባ እንዲያወጣ ይገፋዋል። ቅጠል ላይ ነጭ ውርጭ የሚጥልበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን በረንዳ ጣሪያ ስር አስጠጉት።

ከዚያ ከአምፖሉ፣ ማለትም ቅጠሎቹ ከሚወጡበት ያበጠ ግንድ፣ ግርጌ አዲስ ጫፍ ይወጣል። ቅጠል ይሁን አበባ መጀመሪያ ያምታታል። ጠፍጣፋና ጠንካራ ከሆነ ቅጠል ነው። ድቡልቡል፣ እንደ ወፍራም እርሳስ፣ በሁለት ጣት ሲይዙት ለስለስ የሚል ከሆነ አበባው መጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መትከያውን አታዙሩት፤ ጫፉ ብርሃኑን ስለሚከተል ይጣመማል። ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ አጠገቡ ተክላችሁ ሲረዝም ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።